ከመሬት በላይም ከመሬት በታችም፦ የአንድ አዲስ የግል ነዳጅ ማደያ ግምገማ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ መውጫ፣ ከቃሊቲ ወደ አቃቂና ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቅርቡ ሥራ የጀመረ አንድ የግል ነዳጅ ማደያ አለ። እኔ የምሠራው በአንድ አነስተኛ የጭነት ትራንስፖርት ድርጅት ሲሆን የመኪኖቹን የነዳጅ ወጪ የምከታተለውና ከማደያዎች ጋር ሒሳብ የማስታርቀው እኔ ነኝ። ማደያው ከተከፈተ ወዲህ የድርጅታችን መኪኖች ከዚያ ስለሚቀዱ አሠራሩን ከፓምፑ አንሥቶ እስከ ቦቴው ማራገፊያ ድረስ ለማየት በቂ ዕድል አግኝቻለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ይህ ማደያ ለደንበኛ በሚታየው ሥራ ሁሉ ከለመድነው በግልጽ የተሻለ ነው። ትልቁ ጉድለቱ ያለው ደንበኛ በማያየው ቦታ፣ ማለትም ከመሬት በታች በተቀበረው ታንክ መጠን ላይ ነው። ይህም ጉድለት ከባለቤቱ ቸልተኝነት የመጣ ሳይሆን በአገራችን በነዳጅ ማከማቻ ላይ ገንዘቡን የሚያፈስ ሰው ከሚጋፈጠው ችግር የመነጨ በመሆኑ፣ ግምገማዬ ከማደያው አጥር ወጣ ማለቱ አይቀርም።

ከአቀማመጡ ልጀምር። ማደያው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ስለተሠራ ተሳቢ የጎተተ መኪና መንገድ ሳይዘጋ ገብቶ፣ ሳይጠማዘዝ ቀድቶ፣ በሌላኛው በር ይወጣል። ለከባድ መኪኖች የተለየ መስመር አለው፤ የካኖፒው ጣሪያም ከፍ ያለ በመሆኑ ሸራ የለበሰ ጭነት የጫነ መኪና ሳይነካው ያልፋል። ይህን የምጠቅሰው በከተማችን ያሉ ብዙ ማደያዎች የተሠሩት ለቤት መኪና ስለሆነና የጭነት መኪና ሹፌሮች ነዳጅ ለመቅዳት ብቻ ብዙ መንከራተት ስለሚደርስባቸው ነው። መሬቱ በኮንክሪት የተሞላ ሲሆን በፓምፖቹ ዙሪያ የፈሰሰ ነዳጅ የሚሰበስብ ቦይ ተሠርቶለት ወደ ዘይት መለያ ጉድጓድ ይወርዳል። ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት ቆሜ እንዳየሁት ውኃው በቦዩ ሄደ እንጂ ወደ ጎረቤት ግቢ አልወረደም።

ቀጂዎቹ ሥልጠና እንደወሰዱ ያስታውቃሉ። መኪና ሲቆም ሞተር እንዲጠፋ ይጠይቃሉ፤ ፓምፑ ከዜሮ መጀመሩን ለሹፌሩ ያሳያሉ፤ ታንክ ሞልቶ ኖዝሉ (የመቅጃው አፍ) በራሱ ከቆመ በኋላ ሒሳቡን ለማጠጋጋት ብለው እየጨመሩ መሬት ላይ አያፈሱም። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን የክፍያ ቦታውን አቀማመጥ ነው። የነዳጅ ግብይት በአዲስ አበባ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሆን ከተደረገ ወዲህ ሁሉም ሰው ስልኩን አውጥቶ የሚከፍለው እዚያው ፓምፑ ሥር፣ «ስልክ መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈበት ምሰሶ አጠገብ ነው። በዚህ ማደያ ቀጂው የመኪናውን ታርጋና የሚቀዳውን መጠን ከመዘገበ በኋላ ሹፌሩ ከፓምፑ ራቅ ብላ ወደተሠራች ትንሽ ክፍል ሄዶ በቴሌብር ወይም በሌላ አማራጭ ይከፍላል፤ ማረጋገጫው ለቀጂው ሲደርሰውም ነዳጁ ይቀዳለታል። ጥቂት እርምጃ ያስኬዳል፤ ነገር ግን የቤንዚን ተን በሚገኝበት ቦታ የሰው እጅ ሁሉ ስልክ ከሚነካካ ይህ እጅግ ይሻላል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰዓት ግን ሰልፉ እንደማንኛውም ማደያ ይረዝማል፤ እዚህ ላይ ባለቤቱ ሊያደርግ የሚችለው ብዙም ነገር የለም።

ስለ ልኬት ደግሞ ልናገር፤ ይህ ነዳጅ በብዛት የሚቀዳ ደንበኛ ሁሉ በቅድሚያ ሊጠይቀው የሚገባ ጉዳይ ነው። ማደያው የታሸገ የ20 ሊትር መለኪያ ዕቃ አለው። ስጠይቅ ሱፐርቫይዘሩ ሳያመነታ ዕቃውን አውጥቶ፣ መጀመሪያ በነዳጅ አርሶ ገለበጠው፤ ከዚያም ከፓምፑ 20 ሊትር ሞልቶ በአንገቱ ላይ ያለውን ምልክት አሳየኝ። ደረጃው ምልክቱ ላይ ነበር። ዕቃውን አስቀድሞ ማራስ ትንሽ ነገር ቢመስልም ደረቅ ዕቃ ግድግዳው ላይ የሚያስቀረው ነዳጅ ልኬቱን ስለሚያዛባ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ምልክት ነው። በሌሎች ቦታዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ሳቀርብ ያጋጠመኝ መልስ «ቁልፉን የያዘው ሰው የለም» የሚል ስለነበር፣ ደንበኛ በጠየቀ ጊዜ መለኪያውን ያለ ማንገራገር የሚያወጣ ማደያ ማግኘቴ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ከጅቡቲ የመጣ ቦቴ ሲራገፍ ደረስኩና በሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ቆሜ ተመለከትኩ። ቦቴው ከገባ በኋላ ወዲያው ማራገፍ አልተጀመረም፤ በጉዞ የተናወጠው ነዳጅ እስኪረጋ ጠበቁ። በመጠባበቂያው ጊዜ የመሬት ሽቦ ከቦቴው አካል ጋር ተያያዘ፤ የእሳት ማጥፊያዎችና የአሸዋ ባልዲዎች ቀርበው ተደረደሩ፤ በአቅራቢያው ያለው ፓምፕም ሥራ አቆመ። ሱፐርቫይዘሩ በየክፍሉ ክዳን ላይ ያሉትን ፕሎምፖች (ማሸጊያዎች) ቁጥር ከመጫኛ ሰነዱ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ። ከዚያም የመለኪያ ዘንጉ ጫፍ ላይ ውኃ ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ ቅባት ቀብቶ እስከ ታች ሰደደው፤ ሲያወጣው ቅባቱ እንደነበረ ነበር፤ ይህም ማለት ከታች የተቋጠረ ውኃ የለም ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ክፍል በጠርሙስ ናሙና ተወሰደ፤ በብርሃን ታየ፤ ቀንና የቦቴ ቁጥር ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የማራገፊያው ቱቦ የተገጠመው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

በዚሁ ጊዜ በቦቴው ሹፌርና በሱፐርቫይዘሩ መካከል ትንሽ ክርክር ተነሣ፤ ምክንያቱም በዘንጉ የተለካው መጠን በሰነዱ ላይ ካለው ያንስ ነበር። ይህ ክርክር በየማደያው የሚሰማ ሲሆን መነሻው ሁልጊዜ ስርቆት አይደለም። ቤንዚን ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር ይዘቱ ከሺህ አንድ እጅ በጥቂቱ በሚበልጥ መጠን ይኮማተራል። 40 ሺህ ሊትር ቤንዚን በጅቡቲ ቆላ ተጭኖ አዲስ አበባ ሲደርስ በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ ማንም ሳይነካው ወደ 480 ሊትር ይጎድላል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ዋጋ ቢታሰብ ይህ ወደ 49 ሺህ ብር የሚጠጋ ገንዘብ ነው። የማደያው ሰዎች ሙቀት ለክተው፣ በሠንጠረዥ አስልተው፣ ልዩነቱ ከሙቀት የመጣ መሆኑን ለሹፌሩ አሳዩትና ተፈራርመው ተለያዩ። ቴርሞሜትርና ሠንጠረዥ በሌለበት ማደያ ግን ይህ ጉድለት ወይ በሹፌሩ ደመወዝ ላይ ይወድቃል፣ ወይም ከደንበኛ ሊትር ተሸራርፎ ይካካሳል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ለደንበኛ ሐቅ የሚሰጠው ዋስትና የቱን ያህል እንደሆነ የተረዳሁት ያን ጠዋት ነው።

ስለ ነዳጁ ጥራት ከመኪኖቻችን የተማርኩትን ብቻ እናገራለሁ። ከዚህ ማደያ የሚቀዱት መኪኖች የናፍጣ ፊልትሮ ከታቀደለት ጊዜ በፊት አላስለወጡም፤ በፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመው ውኃም በጣም ትንሽ ነው። ለቤንዚን ተጠቃሚዎች ይህ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። አገራችን በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤንዚንን ከኢታኖል ጋር ማደባለቅ ጀምራ ነበር፤ ኢታኖል ውኃ የመሳብ ጠባይ ስላለው በታንክ ውስጥ ውኃ ካገኘ ከቤንዚኑ ተለይቶ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ያን የቀዳ መኪናም መንገድ ላይ ይቆማል። ስለዚህ የታንክ ንጽሕና ለማንኛውም ማከማቻ ባለቤት ከሥራው ሁሉ ቀዳሚው ነው፤ እዚህ ያየሁት የየዕለት የውኃ ምርመራ መዝገብም በሥርዓት የተያዘ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ማደያው ለናፍጣ ሁለት፣ ለቤንዚን አንድ ታንክ አለው፤ እያንዳንዱ 50 ሺህ ሊትር ይይዛል። አንድ ጊዜ መኪኖቻችን ደርሰው «ናፍጣ የለም» ተብለው በተመለሱበት ማግስት ሄጄ ሥራ አስኪያጁን አነጋገርኳቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በነዳጅ ሥራ ላይ የቆዩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ታንክዎ ሞልቶ ካደረ ስንት ቀን ያቆይዎታል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ በደህና ቀን 30 ሺህ ሊትር ናፍጣ ይወጣል። ታንክ እስከ አፉ አይሞላም፤ ታች ያለውም አይቀዳም። አንተው አስላው።»

አሰላሁት። ለመስፋፊያ ከላይ የሚተወውና ፓምፑ የማይደርስበት ከታች የሚቀረው ሲቀነስ ከ100 ሺህ ሊትሩ ለሽያጭ የሚውለው ወደ 90 ሺህ ነው፤ ይህም የሦስት ቀን ሽያጭ ነው።

«ታዲያ ቦቴው መንገድ ላይ ቢዘገይስ?»

«ቢዘገይማ ‹የለም› እላለሁ፤ ምን እላለሁ? ደንበኛ የሚቆጣው እኔን ነው፤ መንገዱ ግን የኔ አይደለም።»

እኚህ ሰው የተናገሩት እውነት ነው። ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን ነዳጅ በሙሉ ተጣርቶ ያለቀለት አድርጋ ከውጭ ታስገባለች። በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ተገንብቶ የነበረው የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ካቆመ፣ ወደቡም በጦርነቱ ምክንያት ከተዘጋ ወዲህ የነዳጃችን ዋና በር ጅቡቲ ሆኗል። ግዥውን የሚፈጽመው የመንግሥት የሆነው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው፤ ነዳጁ በመርከብ መጥቶ ጅቡቲ ውስጥ ዶራሌ በሚገኘው የሆራይዘን ተርሚናል፣ ማለትም በትልቅ የነዳጅ ማከማቻ፣ ይራገፋል፤ የነዳጅ ኩባንያዎች ከዚያ ተረክበው በቦቴ ያጓጉዙታል። ቦቴው ጋላፊን፣ ሰመራን፣ ሚሌንና አዋሽን አልፎ አዲስ አበባ እስኪደርስ ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይጓዛል። መርከብ ከዘገየ፣ የውጭ ምንዛሪ ክፍያ ከተጓተተ፣ መንገድ ከተዘጋ፣ ተርሚናሉ በር ላይ ሰልፍ ከበዛ፣ የሦስት ቀን ክምችት ያለው ማደያ በአራተኛው ቀን ባዶ ነው። ሆራይዘን ራሱ የዱባዩ የኢኖክ ኩባንያ ቅርንጫፍ ከሌሎች ባለድርሻዎች ጋር ያቆመው ተቋም መሆኑን ስናስብ ደግሞ፣ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ያላት አገር የዕለት ነዳጇን የምትጠብቅበት ትልቁ ጎተራ በሰው አገር መሬት ላይ፣ በሌሎች ገንዘብ የተሠራ ነው።

ጎተራውን ወደ አገር ውስጥ ለማምጣት ሳይታሰብ ቀርቶ አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ የነዳጅ ቧንቧ ለመዘርጋት፣ በአሜሪካው የኢንቨስትመንት ኩባንያ በብላክስቶን ከሚደገፈው ብላክ ራይኖ ከተባለው ኩባንያና ከደቡብ አፍሪካው ሞግስ ጋር የማዕቀፍ ስምምነት ተፈርሞ ነበር። የታሰበለት ወጪ 1.55 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን በአዋሽ 950 ሺህ በርሜል የሚይዝ ማከማቻም የዕቅዱ አካል ነበር። አንድ በርሜል 159 ሊትር ያህል ስለሆነ ይህ ከ150 ሚሊዮን ሊትር በላይ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ 40 ሺህ ሊትር የሚጭን ቦቴ ቢሰለፍ ከ3,700 በላይ ቦቴ የሚሞላ ነዳጅ መሆኑ ነው። ቧንቧውም ማከማቻውም አልተሠሩም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው 752 ኪሎ ሜትር የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም የነዳጅ ጭነቱን ከቦቴዎቹ አልተረከበም፤ በዚህም ምክንያት ዛሬም የአገሪቱ ነዳጅ ዋና ተሸካሚ ጎማ ነው። በመሆኑም አንድ ማደያ ታንኩ አነሰ ብዬ ስወቅሰው፣ ከኋላው ሊኖር የሚገባው ትልቅ ማከማቻ አለመኖሩን መርሳት ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል።

ታንክ መጨመር ለምን ያዳግታል? ብረቱን ገዝቶ መቅበር ብቻ ቢሆን ብዙዎች ባደረጉት ነበር። ከባዱ ወጪ በታንኩ ውስጥ የሚተኛው ነዳጅ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የታለመ ድጎማ ሥርዓት ሲጀመር ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ91 ብር ከ14 ሳንቲም ወደ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ከፍ አለ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። አንዱን የ50 ሺህ ሊትር ታንክ በቤንዚን ለመሙላት በ2014 ዓ.ም. 2.4 ሚሊዮን ብር ገደማ ይበቃ የነበረ ሲሆን፣ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከ5 ሚሊዮን ብር በላይ አስፈላጊ ሆነ። የችርቻሮ ዋጋውን የሚወስነው መንግሥት ነው፤ የማደያው የትርፍ ህዳግም በመንግሥት የተወሰነ ነው፤ ለረጅም ዓመታትም በሊትር በሳንቲም የሚቆጠር ሆኖ ቆይቷል። ነዳጁን ዛሬ ሽጦ ነገ ሌላ የሚያስመጣ ባለማደያና ለክፉ ቀን ብሎ የሦስት ሳምንት ክምችት የያዘ ባለማደያ በሊትር የሚያገኙት ትርፍ እኩል ከሆነ፣ ሁለተኛው የባንክ ወለዱን ከኪሱ እየከፈለ ነው ማለት ነው። ክምችት ለያዘ ሰው የሚከፈል ትንሽ የማከማቻ ክፍያ በዋጋ ቀመሩ ውስጥ ቢካተት፣ ብዙ ሚሊዮን ሊትር የሚይዝ ታንክ ያለ መንግሥት በጀት በየከተማው ይገነባል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

ሁለተኛው ነገር ፈቃድ ነው። ባለሀብቱ ማደያ ለመክፈት የሚያልፍባቸውን ደጆች ሥራ አስኪያጁ በፋይል አስረው ይዘዋቸዋል፤ የመሬት ይዞታና የግንባታ ፈቃድ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ የእሳት አደጋ መከላከል ማረጋገጫ፣ ከነዳጅ ኩባንያ ጋር የተደረገ ውል፣ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚሰጥ የብቃት ማረጋገጫ፣ የፓምፕ ልኬት ምርመራ፣ በመጨረሻም የንግድ ፈቃድ። እያንዳንዱ ምክንያት አለው፤ ቤንዚን በመኖሪያ ሰፈር አጠገብ የሚቀበር ነገር በመሆኑ ቁጥጥሩ ይላላ የሚል ሰው አይደለሁም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ሰነድ ተሟልቶ ሥራ ከተጀመረ በኋላ አንድ ታንክ ለመጨመር ሲፈለግ ጉዳዩ እንደ አዲስ ማደያ ከመጀመሪያው ደጅ ይጀምራል። በዚህ ማደያ ግቢ ሦስተኛው የናፍጣ ታንክ የሚቀበርበት ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ታንኩም ተገዝቶ ሬንጅ ተቀብቶ አጠገቡ ተጋድሟል፤ ማስፋፊያው ግን ገና አልጸደቀም። የትኛው መሥሪያ ቤት እንዳዘገየው ለመናገር በእጄ ያለው የአንድ ወገን ቃል ብቻ ስለሆነ ስም አልጠራም። ደኅንነቱ ተመርምሮ በተፈቀደ ግቢ ውስጥ የማከማቻ አቅምን ለማሳደግ የተለየና አጭር የፈቃድ መንገድ ቢኖር፣ መርማሪው የሚያየው አዲሱን ታንክ፣ የቱቦ መስመሩንና ርቀቱን ብቻ ይሆን ነበር።

የሕጉ አቅጣጫ ራሱ ተገቢ ነው እላለሁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 838 ዘርፉ በብቃት ማረጋገጫ እንዲመራ መሠረት ጥሏል፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ቁጥር 1363 ደግሞ ነዳጅን ከሕጋዊው ሰንሰለት ውጭ የሚሸጡትን በጠንካራ ቅጣት ይዟል። በየመንገዱ በጀሪካን የሚሸጠውን፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቀውን ቤንዚን ገዝቶ ሞተሩን ያቃጠለ ሰው ሁሉ ይህን ይደግፋል። የሚያሳስበኝ በሕጋዊ ክምችትና በመደበቅ መካከል ያለው ድንበር በሥራ ላይ ሲታይ አለመጥራቱ ነው። ዋጋ ሊጨምር ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ታንካቸው ሙሉ ሆኖ «የለም» የሚሉ ማደያዎች እንዳሉ ሁላችንም አይተናል፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ነዳጅ ይዞ የተገኘ ባለማደያ ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል። ሐቀኛው ባለማደያም ታንኩን ትንሽ ማድረግን ለራሱ ደኅንነት ይመርጣል። መፍትሔው በጣም የራቀ አይመስለኝም። በዚህ ማደያ በእያንዳንዱ ታንክ ውስጥ አውቶማቲክ መለኪያ ተተክሏል፤ የነዳጁ ከፍታ፣ ሙቀቱና የውኃው መጠን በቢሮው ስክሪን ላይ በየደቂቃው ይታያል። ሽያጩ በታርጋ በዲጂታል ይመዘገባል፤ የታንኩም ንባብ በቀጥታ ለተቆጣጣሪው ቢተላለፍ፣ ማን እንደደበቀና ማን እንዳከማቸ ለማወቅ ተቆጣጣሪ ልኮ ዘንግ ማስከተት አያስፈልግም ነበር። ባለቤቱ ይህን መሣሪያ በገዛ ገንዘቡ ማስገባቱ ሊመሰገንበት ይገባል።

ስለ ባለሀብትነት ካነሣሁ አይቀር፣ ዘርፉ ከየት እንደመጣ ማስታወስ ተገቢ ነው። አባቶቻችን የሚያውቋቸው ሼል፣ ሞቢል፣ ቶታልና አጂፕን ነበር። ሼል ንብረቱን በ2000 ዓ.ም. ለሊቢያው ኦይል ሊቢያ ሸጦ ወጣ፤ እሱም በኋላ ኦላ ኢነርጂ ተባለ፤ የተባበሩት፣ ኖክና ሌሎችም አገር በቀል ኩባንያዎች ገቡ፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የኩባንያዎቹ ቁጥር በብዛት ጨምሯል። የኩባንያው ብዛት ግን የሊትር ብዛት አላመጣም፤ ሁሉም ከአንድ አስመጪ፣ በአንድ መንገድ የሚመጣውን ነዳጅ የሚካፈሉ ናቸውና። በ2016 ዓ.ም. የወጪ፣ የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች የከፈተው መመሪያም በገቢ ንግዱ ላይ ማዳበሪያንና ነዳጅን ለይቶ አስቀርቷል። ግዥው በመንግሥት እጅ መቆየቱ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ዘመን የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ማከማቻው ለግል ገንዘብ በሰፊው ሊከፈት የሚገባ ሥራ ነው፤ ታንክ የሚያከራይ ሰው ነዳጁ የማንም ይሁን የማን ኪራዩን እስካገኘ ድረስ ሥራው ይሄድለታል።

ባለሀብቱን የሚያሳስበው ሌላም ጉዳይ አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚያገለግል ታንክ የሚቀብር ሰው ያን ሁሉ ዓመት ቤንዚን የሚገዛው ይኖር እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። የዚህ ማደያ ባለቤት መልሱን በግቢው አቀማመጥ ሰጥቷል፤ ቤንዚኑን በአንድ ታንክ ገድቦ ገንዘቡን በናፍጣ ላይ አውሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪና መሙያ የሚቆምበት ቦታና የገመድ መስመርም ከወዲሁ ተዘጋጅቷል። የጭነት መኪናና የእርሻ ትራክተር ገና ለብዙ ዘመን በናፍጣ እንደሚሠሩ ስለማስብ ስሌቱ ትክክል ይመስለኛል።

ጥቃቅን ቅሬታዎችም አሉኝ። የሌሊት አገልግሎቱ አንድ ፓምፕ ብቻ ስለሚሠራ አዝጋሚ ነው። የድርጅት ደንበኛ የሚፈልገው ደረሰኝ ሙሉ የሚሆነው አንዳንዴ በሁለተኛ ጥያቄ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ቢሆንም ለሹፌሮች ማረፊያ የሚሆን ጥላ የለም፤ ረጅም መንገድ ነድቶ የመጣ ሰው የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ማስቀመጥ ብዙ ወጪ አይደለም። ከሁሉ የሚብሰኝ ግን ናፍጣ ሊያልቅ ሲል ለመደበኛ ደንበኞች አስቀድሞ አለመነገሩ ነው። የታንኩ ንባብ በየደቂቃው ስክሪን ላይ የሚታይለት ማደያ «ለነገ አይበቃም» የሚል አጭር መልእክት ቢልክልን መኪኖቻችን እስከ በሩ መጥተው ባዶ እጃቸውን ባልተመለሱ ነበር። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ነግሬያቸው ቃል ገብተውልኛል።

ለጭነት መኪና ባለቤቶች፣ በልኬትና በጥራት ለሚጠነቀቁ ድርጅቶች ይህን ማደያ ሳላመነታ እመክራለሁ። መሄድ የሚሻለው ማለዳ ነው፤ ቦቴ በሚራገፍበት ሰዓት አንዱ መስመር ስለሚዘጋ ከረፋዱ በኋላ ወረፋው ይበዛል። ለቤት መኪና ባለቤት ከከተማ መሐል ድረስ መምጣቱ ብዙም አያዋጣውም። የእኛ ድርጅት ለጊዜው ከሚያስፈልገው ናፍጣ ግማሹን ከዚህ፣ ግማሹን ከሌላ ማደያ እንዲቀዳ ወስነናል፤ ሦስተኛው ታንክ ጸድቆ ሲቀበርና ክምችቱ ከአራት ቀን ሲያልፍ ውላችንን በሙሉ ወደዚህ ለማዞር ተስማምተናል።